መፍታትና እየታዩ መፍታት፦ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ያላቸው የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለቴክኒካዊ ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ዝግጅት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ፣ ዲስሌክሲያና የመሳሰሉት የአእምሮ አሠራር ልዩነቶች ያሏቸው የሶፍትዌር ባለሙያዎች በሥራ ላይ የሚያሳዩትን ብቃት በቴክኒካዊ ቃለ መጠይቅ ወቅት ሳያሳዩ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የክፍተቱን ምንጭ ቃለ መጠይቁ በአንድ ጊዜ ከሚደራርባቸው ሥራዎች አንጻር ይመረምራል። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፤ ውጤታማ ዝግጅት የሚባለው የጥያቄዎችን ብዛት መጨመር ሳይሆን የተደራረቡትን ሥራዎች መነጣጠል፣ ሊለመዱ የሚችሉትን አንድ በአንድ መለማመድ፣ በልምምድ የማይወገዱትን ደግሞ እንዲመቻቹ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

1. መግቢያ

ወደ ሶፍትዌር ሙያ የሚያስገባው በር በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ተመሳሳይ ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ በስልክ ወይም በቪዲዮ አጭር ውይይት ያደርጋል፤ ቀጥሎ በበይነ መረብ የሚሰጥ ፈተና ይወስዳል። ከዚያም ጠያቂው እየተመለከተው፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ፣ ቀድሞ ያላየውን ችግር በነጭ ሰሌዳ ወይም በጋራ የኮድ መጻፊያ ላይ እንዲፈታ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠበቅበታል።

የዕለት ተዕለቱ የሶፍትዌር ሥራ ግን ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ባለሙያው በለመደው መሣሪያ ይሠራል፣ ሰነድ ያነባል፣ ሲሳሳት ያርማል፣ በዝምታ ያስባል፤ ሐሳቡን የሚያስረዳውም መልክ ከያዘለት በኋላ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ የሥራው ትንሽ ናሙና ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ልዩነት ለማንኛውም አመልካች ከባድ ቢሆንም የአእምሮ አሠራራቸው ከብዙኃኑ ለሚለይ ሰዎች የበለጠ ይከብዳል። ውጤቱም የአንድ ቀን ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ ሊሠራ የሚችል ሰው ከሥራ ውጭ መቅረቱና፣ ይባስ ብሎም፣ «አልችልም ማለት ነው» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «የአእምሮ አሠራር ልዩነት» የሚለው ሐረግ የሚያመለክተው በተለምዶ ኒውሮዳይቨርሲቲ በሚባለው አስተሳሰብ ሥር የሚጠቃለሉትን ነው። አስተሳሰቡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ማኅበረሰብ የፈለቀ ሲሆን ልዩነቶቹን እንደ ጉድለት ብቻ ሳይሆን እንደ ሰው ልጅ ብዝኃነት አካል ያያል። የምርመራ ስሞቹ ግን ሰዎችን በጥብቅ አይለዩም። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊመዘገቡ እንደሚችሉ ተቀብሏል፤ ከዚያ በፊት የነበረው እትም ይህን አይፈቅድም ነበር። በመሆኑም «ኦቲዝም ላለው እንዲህ፣ ኤዲኤችዲ ላለው እንዲያ» ከሚል ምክር ይልቅ እያንዳንዱ ሰው የትኛው ሥራ እንደሚከብደው ለይቶ ማወቁ ይጠቅመዋል።

2. ቃለ መጠይቁ ምን ይለካል?

በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና በማይክሮሶፍት የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ማህናዝ ቤህሩዚና ባልደረቦቿ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረቡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ ምላሽ ይሰጣል። በጥናቱ የተሳተፉት 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ችግሩን በነጭ ሰሌዳ ላይ ጠያቂ ባለበት፣ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እየተናገረ ፈታ፤ ሁለተኛው ደግሞ በተመሳሳይ ሰሌዳ ላይ ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈታ። በጠያቂ ፊት የሠሩት ተማሪዎች ውጤት ለብቻቸው ከሠሩት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ ግኝት ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ተሳታፊዎቹ የተመረጡት በአእምሮ አሠራር ልዩነት መስፈርት አይደለም፤ ስለዚህ ጫናው የጥቂቶች ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቡድን ላይ የመታየት ጫናና የመናገር ግዴታ በአንድነት ስለተጫኑ የትኛው ምን ያህል እንደጎዳ ከውጤቱ ብቻ መለየት አይቻልም።

የመናገርን ድርሻ ለመረዳት አንደርስ ኤሪክሰንና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያብራሩት ልዩነት ይረዳል። ሁለቱ ምሁራን ጮክ ብሎ ማሰብን በደረጃ ከፍለውታል። ሰው በአእምሮው ውስጥ አስቀድሞ በቃል መልክ ያለውን ብቻ ሲያሰማ የአስተሳሰቡ ሂደት እምብዛም አይለወጥም። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ለሚል ጥያቄ እያብራራ ሲያስብ ግን ሂደቱ ራሱ ይለወጣል። ቃለ መጠይቁ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። በቅርጽ፣ በሥዕል ወይም በሥርዓተ ንድፍ የሚያስብ ሰው ሐሳቡን ወደ ቃል መተርጎም ይኖርበታል፤ ይህም ጊዜያዊ ትውስታን ከችግሩ ላይ ይሻማል። ቃለ መጠይቁ በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን፣ ለምሳሌ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ባለሙያ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ፣ ትርጉሙ ድርብ ይሆናል።

የማኅበራዊ ፍርድ ድርሻም አለ። ኖዋ ሳሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ተመልካቾች ኦቲዝም ያላቸውን አዋቂዎች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ዝቅ አድርገው ሲገምቱ ተገኝተዋል። ሆኖም ለተመልካቾቹ ድምፅና ምስል ቀርቶ የንግግሩ ጽሑፍ ብቻ ሲሰጣቸው አሉታዊው ግምት ጠፋ። ፍርዱ የተሰጠው በተባለው ላይ ሳይሆን በአባባሉ ላይ ነበር ማለት ነው። ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው መከራከሪያም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ኦቲዝም ባለውና በሌለው ሰው መካከል የሚፈጠር አለመግባባት የአንዱ ወገን ጉድለት ሳይሆን ሁለቱም ወገኖች የሚጋሩት ችግር ነው። ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ሲፈትኑ አንድን ታሪክ ከሰው ወደ ሰው ሲያስተላልፉ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ብቻ የነበሩበት ሰንሰለት ከሌላቸው ሰዎች ሰንሰለት እኩል መረጃ ጠብቋል፤ ይበልጥ መረጃ የጠፋው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ሰንሰለት ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በታላቅ ሰው ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ሲሆን በሌላ አገር ጠያቂ ፊት ግን በራስ አለመተማመን ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። የዓይን ግንኙነት ትርጉም ከባህል ባህል የሚለያይ ከሆነ ከአእምሮ አሠራር አንጻርም መለያየቱን መቀበል አይከብድም።

3. ሥራዎቹን መነጣጠል

ከላይ የተባለውን ስናጠቃልለው ቴክኒካዊ ቃለ መጠይቅ ቢያንስ አምስት ሥራዎችን ይደራርባል፤ እነርሱም ያልተሟላን ጥያቄ መተርጎም፣ ችግሩን መፍታት፣ እየፈቱ መናገር፣ የጠያቂውን ስሜትና ፍላጎት ማንበብ እንዲሁም ጊዜን መቆጣጠር ናቸው። የተለመደው ዝግጅት ትኩረቱን የሚያደርገው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። አመልካቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ለብቻው በጸጥታ ይፈታል፤ በፈተናው ቀን ግን የቀሩት አራቱ ሥራዎች ባልተለማመደበት ይጠብቁታል።

3.1 ያልተሟላን ጥያቄ መተርጎም

አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። ጠያቂው «በዚህ የቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ድምራቸው 8 የሚሆን ሁለት ቁጥሮችን የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፍ» ይላል። ዝርዝሩ 4፣ 9፣ 1፣ 7 ነው። ቃልን በቀጥታ የሚረዳ ሰው «4 እና 4» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ጥያቄው አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ መውሰድን አልከለከለምና። ጠያቂው ግን 1 እና 7ን እየጠበቀ ነው። ስሕተቱ የስሌት አይደለም፤ ጠያቂው ሳይናገረው የተወው ቅድመ ሁኔታ ነው።

ያልተነገረውን መገመት የሚከብደው ሰው ግምቱን በቋሚ የጥያቄ ዝርዝር ሊተካው ይችላል። ማንኛውም ችግር ሲቀርብ ሳይዘለሉ የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የሚገባው መረጃ ምን ዓይነት ነው? መጠኑ እስከ ምን ይደርሳል? ባዶ ወይም ተደጋጋሚ ሊሆን ይችላል? አንድ አካል ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀም ይፈቀዳል? መልስ ባይኖር ምን ይመለስ? ከፍጥነትና ከማኅደረ ትውስታ ቁጠባ የትኛው ይቀድማል? ዝርዝሩ በቃል እስኪያዝ ድረስ በእያንዳንዱ ልምምድ መጀመሪያ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ጠያቂዎች በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ማጣራት እንደ ብስለት ስለሚቆጥሩት ለአንዱ ችግር መፍትሔ የሆነው ልማድ ለሌላውም ጥቅም ይሆናል።

3.2 ዝምታንና ንግግርን ማፈራረቅ

ማሰብና ማስረዳት በአንድ ጊዜ ካልሆነ ይፈራረቁ። አመልካቹ «ለሁለት ደቂቃ ያህል በጸጥታ አስባለሁ፤ ከዚያ የደረስኩበትን አስረዳለሁ» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ዝምታው እንደ መጥፋት ሳይሆን እንደ ዕቅድ ይታያል። ዓረፍተ ነገሩ ቃለ መጠይቁ በሚካሄድበት ቋንቋ ተጽፎ ሊጠና ይገባል፤ በጭንቀት ጊዜ አዲስ ዓረፍተ ነገር መፍጠር ያስቸግራልና።

የማስረዳቱም ቅደም ተከተል አስቀድሞ ይወሰን። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ አመልካቹ በመጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ይገልጻል፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር መደመር ይቻላል፣ ነገር ግን ዝርዝሩ በእጥፍ ሲያድግ ሥራው በአራት እጥፍ ያድጋል። ቀጥሎ የተሻለውን ያቀርባል፤ ያለፉትን ቁጥሮች በሀሽ ቴብል እየመዘገቡ ለእያንዳንዱ አዲስ ቁጥር የጎደለውን መፈለግ ነው። 4 ሲደርስ የሚፈለገው 4 ነው፣ ገና አልተመዘገበም፤ 9 ሲደርስ የሚፈለገው ከዜሮ በታች 1 ነው፣ የለም፤ 1 ሲደርስ የሚፈለገው 7 ነው፣ ገና አልታየም፤ 7 ሲደርስ የሚፈለገው 1 ነው፣ ተመዝግቧል። ፍለጋው ከምዝገባው ስለሚቀድም 4 ከራሱ ጋር አይደመርም። «ቀላሉ መንገድ፣ ጉዳቱ፣ የተሻለው መንገድ፣ ዋጋው፣ ምሳሌ» የሚለው አምስት ደረጃ ያለው ቅደም ተከተል ለብዙ ጥያቄዎች ያገለግላል፤ ተናጋሪውም ቀጥሎ ምን ማለት እንዳለበት ከመፈለግ ያርፋል።

3.3 መታየትን በደረጃ መለማመድ

የመታየት ጫና ጥያቄ በማብዛት አይቀንስም፤ በመታየት እንጂ። ሆኖም በአንድ ጊዜ ከሙሉው ጫና ጋር መጋፈጥ መሸሽን ሊያስተምር ስለሚችል ልምምዱ በደረጃ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ ስድስት ሳምንት ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለብቻው በጸጥታ ይሠራል። በሦስተኛው ሳምንት ለብቻው ሆኖ ድምፁን እየቀዳ ያስረዳል፤ በአራተኛው አንድ ወዳጅ ምንም ሳይናገር ይመለከተዋል። በአምስተኛው ወዳጁ እያቋረጠ ይጠይቀዋል፤ በስድስተኛው የማያውቀው ሰው ሙሉውን ቃለ መጠይቅ በሰዓቱ ያካሂድለታል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ አፈጻጸሙ የወደቀበት ቦታ የትኛው ሥራ እንደሚከብደው ይነግረዋል። ይህ ግኝት በቀጣዩ ክፍል ለምናየው የማመቻቸት ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

በዚህ ልምምድ ውስጥ አዳዲስ ጥያቄዎችን ማሳደድ አያስፈልግም። ጥቂት የችግር ቤተሰቦችን፣ ማለትም የዝርዝርና የሀሽ ቴብል፣ የዛፍ፣ የግራፍና ንዑስ ውጤቶችን መዝግቦ እንደገና የመጠቀም ጥያቄዎችን መርጦ ከየአንዳንዳቸው ሦስት ወይም አራት ጥያቄዎችን በቀናት ልዩነት ደጋግሞ መሥራት ይበቃል። የሚታወቅ ጥያቄ አዲሱን ጫና ለመሸከም ቦታ ይተዋል።

3.4 ጊዜን ከአእምሮ ውጭ ማስቀመጥ

ኤዲኤችዲ ያላቸው ብዙ ሰዎች ያለፈውን ጊዜ መገመት ይቸገራሉ፤ አንዱ ጥቃቅን ነገር ሲስባቸው ሃያ ደቂቃ ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ ጊዜው በዓይን ሊታይ ይገባል። የ45 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ 5 ደቂቃ ለማጣራት፣ 10 ደቂቃ ለመንገድ መረጣ፣ 20 ደቂቃ ለመጻፍ፣ 5 ደቂቃ ለመፈተሽ፣ 5 ደቂቃ ለመጠባበቂያ ሊከፈል ይችላል። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከሰዓት ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ። ወሰኑ ሲደርስ ሥራው ባይጠናቀቅም «ይህ ክፍል ይቀራል፤ ወደሚቀጥለው ልለፍ?» ብሎ መጠየቅ ከመቆም ይሻላል።

3.5 ስለ ራስ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ከባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረኝ» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከትዝታ ውስጥ አንድን የተለየ ክስተት በቅጽበት መርጦ ማውጣት ኦቲዝም ላለው ሰው ሊከብድ ይችላል። ኬቲ ማራስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች ግልጽና የተለዩ ሆነው ሲስተካከሉ ኦቲዝም ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች መልስ ተሻሽሏል። ጥያቄው እስኪስተካከል አመልካቹ መልሱን ሊያደራጅ ይችላል። ስድስት ያህል እውነተኛ ክስተቶችን መርጦ የእያንዳንዱን ሁኔታ፣ የተሰጠውን ኃላፊነት፣ ያደረገውንና ውጤቱን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍር። በእኛ ባህል ራስን ማወደስ ስለማይወደድ ብዙዎች «ሠራን» ይላሉ፤ ጠያቂው ግን የአመልካቹን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ይፈልጋልና «ቡድኑ ይህን ሠራ፤ የእኔ ድርሻ ይህ ነበር» ብሎ መለየት እውነትንም ትሕትናንም ይጠብቃል።

4. ማመቻቸትን መጠየቅ

አንዳንድ ጫናዎች በልምምድ አይወገዱም። የክፍል ጩኸትና ብርሃን፣ በቃል ብቻ የሚሰጥ ረጅም ጥያቄ፣ በተከታታይ ያለ ዕረፍት የሚደረጉ አራት ቃለ መጠይቆች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ለእነዚህ ተገቢው ምላሽ እንዲለወጡ መጠየቅ ነው።

ጥያቄው በብዙ አገሮች ሕጋዊ መሠረት አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ቀጣሪዎች በማመልከቻው ሂደትም ጭምር ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ የሥራ ግብዣ ከመቅረቡ በፊትም ስለ ጉዳቱ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። በኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትን በትርጓሜው ያካትታል። በተግባር ግን ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ እንደ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ያሉ ተቋማት የተሠማሩት በዋነኛነት በልጆች ላይ ሲሆን፣ ሳይመረመር ያደገ አዋቂ ማስረጃ ማቅረብ ሊቸግረው ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ከምርመራ ስም ይልቅ በሥራው ፍላጎት ላይ ቢመሠረት ይመከራል። የሚከተለው አጭር ደብዳቤ ለአብነት ያህል ነው፦

«ለቃለ መጠይቁ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ችሎታዬን በተሻለ ሁኔታ ለማሳየት የሚከተሉት ቢመቻቹልኝ እጠይቃለሁ፤ የቃለ መጠይቁ ቅርጽና የጠያቂዎቹ ብዛት አስቀድሞ እንዲገለጽልኝ፣ ጥያቄው በጽሑፍም እንዲቀርብልኝ፣ በራሴ ኮምፒውተር እንድሠራ፣ በሁለት ቃለ መጠይቆች መካከልም የ15 ደቂቃ ዕረፍት እንዲኖር። ተጨማሪ ማብራሪያ ካስፈለገ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።»

ደብዳቤው ምርመራን አይጠቅስም፤ የተጠየቁትም ነገሮች ማንም አመልካች ሊጠይቃቸው የሚችሉ ናቸው። ተጨማሪ ሰዓት ወይም ቃለ መጠይቁን የቤት ሥራ በሆነ ፈተና መተካት የሚያስፈልገው ሰው ግን ምክንያቱን መግለጽ ሊኖርበት ይችላል። መግለጽ አድልዎን ሊያስከትል ይችላል፤ አለመግለጽ ደግሞ ያለ እገዛ ያስፈትናል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ስለሌለ ውሳኔው የአመልካቹ ብቻ ሊሆን ይገባል። ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. ከ2013፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ አመልካቾች የተለየ የቅጥር መንገድ መክፈታቸው ጥያቄው እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ሊጠቀስ ይችላል።

5. የዝግጅት ወሰን

ዝግጅት ማለት ሌላ ሰው መምሰልን መለማመድ አይደለም። ዓይን በግድ ማየትን፣ ፈገግታን በሰዓት መለካትን፣ እጅ እንዳይንቀሳቀስ መያዝን የሚያስተምር ምክር የተጨናነቀውን አእምሮ ስድስተኛ ሥራ ይጨምርበታል። ማስመሰል ከድካምና ከጭንቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች በተደጋጋሚ ገልጸዋል። ከዚህም በላይ ራስን ደብቆ የተገኘ ሥራ ራስን ደብቆ መኖርን ይጠይቃል። ከላይ የቀረቡት ስልቶች መለኪያቸው አንድ ነው፤ ከአመልካቹ ጫና ካነሱለት ይያዙ፣ ከጨመሩበት ይተዉ።

6. ማጠቃለያ

ቴክኒካዊ ቃለ መጠይቅ ችግር የመፍታትን ችሎታ ለብቻው አይለካም፤ እየታዩና እየተናገሩ የመፍታትን ችሎታ ይለካል። የአእምሮ አሠራር ልዩነት ያለው ባለሙያ በቃለ መጠይቅ መውደቁ ከዚህ ድርርብ የመነጨ ሊሆን ስለሚችል ለሙያው ብቁ ላለመሆኑ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ሥራዎቹን መነጣጠል፣ በደረጃ መለማመድና የማይለመደውን እንዲመቻች መጠየቅ አመልካቹ በእጁ ያለውን እንዲያሳይ ይረዱታል።

ለትምህርት ክፍሎችም የሚቀር የቤት ሥራ አለ። ተመራቂ ተማሪዎች በደረጃ የሚለማመዱበት የሙከራ ቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳና ፈቃደኛ ተመራቂዎች ብቻ ይፈልጋል። ለምርምርም ሁለት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው፤ የመታየትና የመናገር ጫና ተለያይተው ቢለኩ የትኛው ይበልጣል? በሁለተኛ ቋንቋ መጠየቅስ በየትኛው ላይ ይጨምራል? በአማርኛ እያሰቡ በእንግሊዝኛ የሚጠየቁ ተመራቂዎች ባሉበት ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር የሚያስፈልጉት ተሳታፊዎች በቅርብ ይገኛሉ።